ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ?

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አካባቢ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር የምንገናኝ በጎ ፈቃደኞች አለን። ሥራው ሜንተርሺፕ ይባላል። አንድ አዋቂ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ይይዛል። ስለ ትምህርት ያወራሉ፤ ስለ ማትሪክ ጭንቀት ያወራሉ። ሲቀራረቡ ደግሞ ስለ ቤት ጣጣና ስለ ፍቅር ይነሳል። ልጆቹ ሁላችንንም «ቲቸር» ነው የሚሉን፤ የሒሳብ ሠራተኛውንም፣ ነርሷንም፣ አርክቴክቱንም። በወር አንዴ ደግሞ እንግዳ ይጋበዛል። ከፊት አንድ ወንበር ይደረጋል። እንግዳው እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ የሕይወት ታሪኩን ይነግረናል።

ስለዚያ ወንበር ብዙ አስባለሁ። ማን እንደሚቀመጥበትና ተቀምጦ ምን እንደሚል ለልጆቹ ትልቅ ነገር ይነግራቸዋል። እኛ በቃል ከምንመክራቸው በላይ ይነግራቸዋል።

የመጡልን እንግዶች ጥሩ ሰዎች ናቸው። የባንክ ሥራ አስኪያጅ መጥቷል፤ ሐኪም መጥታለች፤ ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት መጥቷል። ቅዳሜያቸውን ሰጥተውናልና አመሰግናቸዋለሁ። ታሪካቸው ግን ይመሳሰላል። የሚጀምረው ከቤት ሲወጡ ነው። ጠባብ ቤት፣ ጭስ ያለበት ቤት፣ ብዙ ልጅ ያለበት ቤት። ከዚያ ትምህርት፤ ከዚያ ስኮላርሺፕ፤ ከዚያ ቢሮ። እናት ከተነሳች እንጀራ ሸጣ ስላስተማረች ነው። ጤፉን እንዴት እንደምትመርጥ፣ ደንበኞቿን እንዴት እንደያዘች፣ እቁቧን እየጣለች ክረምቱን እንዴት እንደተሻገረች የሚነግረን የለም። በታሪኩ ውስጥ የእናት ልፋት አለ፤ የእናት እውቀት የለም።

ይህን ደጋግሞ የሰማ ልጅ ምን ይማራል? ቤቱ የሚያመልጡት ቦታ መሆኑን ይማራል። ከዚያ ቤት ይዞት የሚሄደው ነገር እንደሌለ ይማራል። ወላጆቹን ይወዳቸዋል፤ ያዝንላቸዋል። ምን እንደሚያውቁ ግን አይጠይቃቸውም። የባህል ቅርስ የሚቋረጠው ሙዚየም ሲዘጋ ብቻ አይደለም። ልጅ አባቱን መጠየቅ ሲያቆምም ይቋረጣል።

ከያዝኳቸው ልጆች አንዱ ከሽሮ ሜዳ በኩል ነው የሚመጣው። ስለ ቤተሰብ በሚወራበት ቀን አባቱን «ነጋዴ ነው» አለ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ አባቱ የሚሸጠው ዕቃ አለው። የሚሸጠው ግን ራሱ የሸመነውን ነው። አባቱ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ ወጣት ሳለ መጥቶ አዲስ አበባ የከተመ ሸማኔ ነው። እንጦጦ ሥር፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ጉለሌ ባለው ሰፈር እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጁ ይህን የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ወደ ታክሲ እየሄድን ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ተናግሮ የወጣለት ስም ነበር። ስሙን እዚህ አልደግመውም፤ አብዛኞቻችሁ ትገምቱታላችሁ።

ይህ ስድብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ብረት ሠሪውን፣ በጠቅላላው ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጅ እስኪያስፈልገው ድረስ ሥር የሰደደ ነገር ነበር ማለት ነው። ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፤ አገር የሚለብሰውን፣ የሚያርስበትንና የሚበላበትን የሚሠሩት ሰዎች በየቦታው የተገለሉ ነበሩ። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን አሁንም በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አለ፤ ከአባት ወደ ልጅ በደንብ ተላልፏል።

በሌላ በኩል ለጥምቀት አደባባይ ውጡ። ለእንቁጣጣሽ ውጡ። ሰርግ ቤት ሂዱ። አገሩ ሁሉ የሐበሻ ልብስ ነው። ሙሽራዋ ለቀሚሷ የምታወጣውን ገንዘብ ታውቃላችሁ። ልብሱ ክብር አለው። የሠራው እጅ ግን ከክብሩ የደረሰው ነገር የለም። ልጁም ልዩነቱን በደንብ ያውቀዋል። ትምህርት ቤት የባህል ቀን ሲከበር ነጠላ ለብሶ ይሄዳል። አባቱን ግን ነጋዴ ይላል።

አባትየውን ወደዚያ ወንበር መጋበዝ ያሰብኩት በዚህ ምክንያት ነው። ልጁን አስቀድሜ ጠየቅኩት። እንቢ ቢል እተወው ነበር። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «እሱ አይመጣም» አለኝ። እውነትም አባትየው ሲጠየቁ ግራ ገባቸው። «እኔ ምን እላቸዋለሁ? አልተማርኩም» አሉ። መጨረሻ ላይ የመጡት አንድ የሠፈራቸው ሽማግሌ ስላግባቧቸው ነው። መወርወሪያቸውንና ያላለቀ የነጠላ ጥለት በፌስታል ይዘው መጡ።

ንግግር አላደረጉም። ጥለቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና አሳዩን። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ በእግር ጣቱ ድሩን እንዴት እየከፈለ እንደሚያነሳ፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከግራ ቀኝ እንዴት እንደሚመላለስ ነገሩን። ድሩ የፋብሪካ ክር ሊሆን ይችላል። ጥሩው ማግ ግን በእንዝርት የተፈተለ ነው። ፈታዮቹ ሴቶች ናቸው፤ የእሳቸው ባለቤት ራሷ ፈታይ ናት። ከዚያ ወደ ጥለቱ ገቡ። እያንዳንዱ ቅርጽ የክር ቁጥር አለው። ስንት ክር ተነስቶ ስንቱ እንደሚታለፍ በቃላቸው ይዘውታል። ወረቀት የለም፣ ሥዕል የለም። መሐል ላይ አንድ ክር ከተሳተ ስህተቱ እስከ ጫፍ ድረስ ይከተላል፤ ስለዚህ ተመልሶ መፍታት ነው። ሒሳብ የሚወድ አንድ ልጅ ጥለቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቅርጹ በየስንት ክር እንደሚደገም ይቆጥር ጀመር። እሳቸውም ሲያዩት «ከዚህ አይደለም የሚጀመረው» ብለው ጣቱን ወሰዱለት። ብዙ ቆዩ። አንዲት ልጅ ከውጭ በማሽን ተሠርቶ ስለሚገባው አስመሳይ ጨርቅ ጠየቀቻቸው። ያኔ በሙሉ ድምፃቸው ተናገሩ። ገበያቸውን እንዴት እንደጎዳው፣ ሁለቱን ጨርቅ በእጅ ዳሶ እንዴት እንደሚለዩ፣ ገዢ ለምን እንደሚታለል አስረዱን። ከባንክ ሥራ አስኪያጁ ንግግር ስለ ንግድ ከተማርነው የሚያንስ አልነበረም።

ልጁ ያን ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰም። አሁንም ስለ አባቱ ብዙ አያወራም። ሸማኔ የመሆን ሐሳብም የለውም፤ ኤሌክትሪክ መማር ነው የሚፈልገው። በጣም ጥሩ። ማንም ሸማኔ ሁን ያለው የለም። ቅርስን ለወጣት ማስተላለፍ ማለት የአባትን ሥራ በግድ ማውረስ አይደለም። የእኔ ፍላጎት አባቱን ሲያስብ አንገቱን እንዳይደፋ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ያንን ስም ያወጡለት አንዳንድ ልጆችም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበሩ። እኔ እንዲያውም በዋናነት ያሰብኩት ስለ እነሱ ነበር።

የባህል ቀን ካልኩ አይቀር፣ ኅዳር 29ን ላንሳ። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ቀን ነው፤ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ተብሎ ይከበራል። ትምህርት ቤቶች ቀኑን እንዴት እንደሚያከብሩት ሁላችንም እናውቃለን። ልብስ ከየትም ከየትም ይሰበሰባል፤ ይከራያል። ሚኒ ሚዲያው ዘፈን ይለቃል። ልጆቹ በየተራ ወጥተው ይጨፍራሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ። ደስ ይላል፣ አልክድም። ልጆች የሌላውን እስክስታና ጭፈራ መሞከራቸው ክፉ አይደለም። ግን ማን የትኛውን ልብስ እንደሚለብስ የሚወሰነው በልክ ነው። የሲዳማ ልጅ ሌላ ልብስ ደርሷት ትጨፍራለች፤ የሲዳማውን ደግሞ ቁመቷ የገጠመላት ትለብሰዋለች። ሁለቱም ከልብሱ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ሳይነገራቸው ይመልሱታል።

አንዷን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ይህች ልጅ ፊዚክስ ትወዳለች። ስልኳ የጠፈር ፎቶ ብቻ ነው። የናቷ አባት ሲዳማ ውስጥ፣ ገጠር ይኖራሉ። በሲዳማ አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች አሉ። የከዋክብትን አካሄድ አይተው ፊቼ ጨምበላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ልጅቷ ፊቼን ታውቃለች፤ ቄጠላ ሲጨፈር በቴሌቪዥን አይታለች። ቀኑ የሚወጣው ሰማይ ታይቶ መሆኑን ግን አልሰማችም። ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም። ማታ ለአያቷ ደወለች። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አንድ አዲስ ነገር ይዛ ትመጣለች፤ የትኛው ኮከብ፣ በየትኛው ወር፣ ከጨረቃ ጋር እንዴት እንደሚታይ። አያቷ አንዳንዱን ጥያቄ መመለስ ስለማይችሉ ሌላ ሽማግሌ ይጠይቁላታል። ከልብስ ኪራዩ ይልቅ ይህ ስልክ ብዙ ሥራ ሠርቷል።

ፊቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከእሱ በፊት በ2006 የመስቀል በዓል ገብቷል። ከዚያ በ2009 የገዳ ሥርዓት፣ በ2012 ጥምቀት፣ በ2016 ደግሞ የሐረሪው ሹዋሊድ ተከተሉ። እነዚህን አምስቱን ልጆቻችን ለፈተና ብለው ይሸመድዷቸዋል። እያንዳንዱ ውስጥ ግን የትምህርት ሥርዓት አለ። ገዳን ውሰዱ። ሰው በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የዕድሜ እርከን ወደ ሌላው ይሸጋገራል። በየእርከኑ የሚማረው ነገር አለ፤ የሚጠበቅበት ኃላፊነት አለ፤ ሥልጣንም የሚረከብበት ጊዜ የታወቀ ነው። የወጣቶች ሜንተርሺፕ የሚል ነገር እንደ አዲስ ግኝት ከውጭ ሲመጣልን ይህን የሚያስታውስ ሰው በስብሰባው ውስጥ አይገኝም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ይመስለኛል።

የቆሎ ተማሪንም አስቡ። ቅኔ ቤት ወይም ዜማ ቤት ውስጥ መምህሩ ሁሉንም ልጅ ቀለም አያስቀጽሉም። የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ይዞ ያጠናዋል፤ ራሱም እያስተማረ ይጠነክራል። መድረሳም ውስጥ ታላቁ ታናሹን ቁርኣን ያስቀራል። ከእምነት ቤት ውጭም አለ። የፒያሳና የመርካቶን ሊስትሮዎች አነጋግሩ። ከገጠር የመጣ ታዳጊ ቀድሞ የመጣ የአገሩ ልጅ ዘንድ ያርፋል። ማደሪያ የሚያሳየው፣ ቦታ የሚያስይዘው፣ ብሩሽ አያያዝ የሚያስተምረው፣ እቁብ የሚያስገባው ያ ታላቅ ነው። ማንም ስም አላወጣለትም፤ የምስክር ወረቀትም የለውም። ልጁ ግን በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ብቻውን አልቀረም።

የሜንተር ሥልጠና ስንሰጥ ስለ መስማት፣ ጥያቄ ስለመጠየቅ፣ ምስጢር ስለመጠበቅ እንማራለን። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። እኔ አንድ የምጨምረው ነገር አለ። ልጁ ሊደርስበት የሚችል ሰው፣ ከራሱ ዓይነት ቤት የወጣና ያንን ቤት ያልካደ ሰው ማየት አለበት። ይህ እንዴት እንደሚሠራ አርሲ በቆጂ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። የበቆጂ ልጅ ናት። ያሠለጠኗት የበቆጂው የስፖርት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። እሳቸው እዚያው ቆዩ፤ እነ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም በእጃቸው አለፉ። አየሩና ከፍታው ሌላም ብዙ ከተማ ውስጥ አለ። በቆጂ ያላት ግን በዚሁ ሜዳ የሮጠች፣ ቤቷ የሚታወቅ፣ ዘመድ ጎረቤት ያላት አሸናፊ ነች። ልጅ «እኔስ?» ለማለት ሩቅ ማሰብ አላስፈለገውም። አሠልጣኙም የሰፈር ሰው ናቸው።

በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ምሳሌ ይጠፋል ብዬ አላምንም። ልጆቹን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስንወስድ ድንቅነሽን ያውቋታል። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት ይነግሩናል። ያገኟት የውጭ ተመራማሪዎች ስምም አብሮ ይመጣል። ሰላምን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያውቋት። የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት፤ ዕድሜዋ ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት። በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ ያገኛትን ቡድን የመሩት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ናቸው። አክሱም ተወልደው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ አጥንተው፣ በዚሁ ሙዚየም ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራ የጀመሩ ሰው ናቸው። ይህን ስነግራቸው አንዱ ልጅ «እዚህ? እዚሁ ግቢ?» አለ። ቅሪተ አካሉን ትቶ መስኮቶቹን መመልከት ጀመረ። ቅርሱን የሚያጠናው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ቅርሱን ከማወቅ እኩል ይመስለኛል።

ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም. ነው። የተቋሙን ሙዚየም የምወደው ዕቃዎቹን በብሔር ስላልከፋፈላቸው ነው። የተደረደሩት በሰው ልጅ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ልጅነት፣ ቀጥሎ ጉልምስና፣ መጨረሻ ሞትና ከዚያ ወዲያ ያለው። አንዱ ጥግ ላይ ያለው መጫወቻ ከአንድ ክልል ሲሆን ጎረቤቱ ከሌላ ነው። ልጆቹ ረጅም ጊዜ የሚቆዩት ልጅነት ክፍል ነው፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ነገር አለውና። «የኔ የቱ ነው?» ብሎ የሚፈልግ ልጅ አላየሁም። የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየምም በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ከተመረቀ ወዲህ ወስደናቸዋል። እዚያ ግን ይፈልጋሉ። ባልቻ ሳፎን የሚፈልግ አለ፤ አሉላን የሚፈልግ አለ፤ ሀብተ ጊዮርጊስን የሚፈልግ አለ። ሴቶቹ ጣይቱ ዘንድ ይሰበሰባሉ። መፈለጋቸው አይከፋኝም። ሰው በአገሩ ታሪክ ውስጥ ራሱን ቢፈልግ ምን ይደንቃል?

ይህን ስል የምፈራው ነገርም አለ። ቅርስና ማንነት የሚባለው ነገር በቀላሉ አጥር ይሆናል። አዲስ አበባ መሐል ያለ ልጅ አባቱ ከአንድ አገር፣ እናቱ ከሌላ፣ ያሳደገችው ጎረቤት ደግሞ ከሦስተኛ ሊሆን ይችላል። እሱን «አንተ የየት ነህ?» ብሎ መጀመር ማቁሰል ነው። ለዚህ ልጅ ሜንተር እንምረጥለት ብለን ከብሔሩ ሰው ብንፈልግ የባሰ እናጠበዋለን። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ ማን ምን ያውቃል? ቡና ቆልታ የምታጣጥም አክስት ትመጣለች። መንዙማ በቃሉ የሚይዝ የወሎ አጎት ይመጣል። የባሕረ ሐሳብ ስሌት የሚያውቅ አያት ይመጣል። መኪና በድምፁ ብቻ ምን እንደጎደለው የሚለይ የጎማ ቁጠባ ጋራዥ ሠራተኛ ይመጣል፤ እሱም የዚህ ከተማ ቅርስ ነው። ልጁ ከየት እንደሆነ ሳይጠየቅ ይነግረናል፤ ካልፈለገም አይነግረንም።

ቅርስ ሲባልም ሁሉም አይያዝም። ልጅቷን በልጅነቷ የሚድር ልማድ ቅርስ ነው ብዬ አላስተምርም። ባለሙያን የሚንቅ ልማድም እንዲሁ። መድረኩን እንኳ እንይ። አባባ ተስፋዬን፣ ተስፋዬ ሳህሉን፣ የማያስታውስ የእኛ ትውልድ የለም። ለዐሥርት ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ነግረው ያሳደጉን ሰው ናቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው ቲያትር ላይ ሴት ሆነው ይሠሩ ነበር፤ ሴት መድረክ ላይ አትወጣማ። ያንን ከሰበሩት ቀዳሚዋ አስናቀች ወርቁ ናት፤ ክራሯንም ድምጿንም ይዛ ወጣች። ዛሬ ተዋናይ ልሁን የምትል ልጅ ስትመጣልኝ ስለ ሁለቱም እነግራታለሁ። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት በር ላይ በየቀኑ ለምታልፈውም ስለ ስንዱ ገብሩ እነግራታለሁ። አርበኛ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት። መንገዱን ጠርገው ያለፉ ሰዎች ስም ካልተነገረ እያንዳንዷ ልጅ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

ደግሞ ጊዜ የለንም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳ ብዙ ተቀይሯል። ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበትኗል። ከልጆቻችን አንዳንዶቹ አሁን ከሩቅ በሁለት ታክሲ ነው የሚመጡት። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ያምራል፤ ልጆቹ ራሳቸው ማታ መሄድ ይወዳሉ። ግን የማን ቤት የት እንደነበር፣ እድሩን ማን እንደመሠረተው፣ የትኛው ጓሮ ውስጥ ማን እንደተደበቀ የሚያውቁት እማማዎችና አባባዎች አሁን አንድ ቦታ አይገኙም። ለብቻቸው፣ ጎረቤታቸውን በማያውቁት ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ናቸው። ልጆቹን ስልካቸውን ይዘው እንዲቀርጿቸው እየላክን ነው። ቲክቶክ ላይ ሦስት ሰዓት የሚያጠፋ ልጅ ቪዲዮ መቁረጥ ከእኔ በላይ ያውቃል። አንዷ ልጅ የቀድሞ ጎረቤቷን ስለ እድር ድንኳን አተካከል ስትጠይቅ የቀረጸችውን አይቼ ተገርሜአለሁ። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ አታቋርጣቸውም፤ ሲያለቅሱ ካሜራውን ዝቅ አድርጋለች። ይህን ማንም አላስተማራትም።

አንድ ነገር ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ተከራክረናል፤ ክፍያ ላይ። እንግዶቻችን በነጻ ነው የሚመጡት፤ ሥራው በጎ ፈቃድ ስለሆነ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ቅዳሜ ቢመጣ ደሞዙ አይቆረጥም። ሸማኔ ግን ከጉድጓዱ ተነስቶ አራት ኪሎ ከመጣ የዚያን ቀን ገቢ የለውም። አንዳንዶቹ «ለአንዱ ከፍለን ለሌላው ካልከፈልን መንፈሱ ይበላሻል» አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። እኔ ግን መንፈሱን የሚያበላሸው ድሃው ባለሙያ ኪሳራውን ችሎ እንዲያስተምረን መጠበቅ ነው ባይ ነኝ። እውቀቱን እናከብራለን ካልን ቀኑንም እናክብር። ደግሞ ልጆቹ ያያሉ። ማን በመኪና መጥቶ በጭብጨባ እንደሚሸኝ፣ ማን ሻይ ተሰጥቶት በጓሮ እንደሚወጣ በደንብ ያያሉ።

ከብዙ ንግግር በኋላ ተስማማን። ለመጪው ዓመት ባወጣነው ዕቅድ ውስጥ ከእጅ ሥራው ለሚቀር እንግዳ የቀን ገቢውን የሚተካ ገንዘብና ትራንስፖርት ተይዟል። ገንዘቡን ከራሳችን መዋጮ ነው ያወጣነው። እንግዳው በሚናገርበት ቋንቋ ይናገር፤ አስተርጓሚ ከልጆቹ መሐል ይወጣል ብለናል። መስማት የተሳናቸው ሁለት ልጆች ስላሉን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ፈልገናል፤ እስካሁን የተገኘችው በወር አንዴ ብቻ ነው የምትችለው። ኅዳር 29 ልብስ አንከራይም። በዚያ ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ወይም ከሰፈሩ አንድ አዋቂ ይዞ ይመጣል፤ ወይም የቀረጸውን ያሳያል።

የመስከረም እንግዳችን የሸማኔው ባለቤት ናቸው። ባለፈው ስለ ፈትል ሲነሳ ልጃገረዶቹ ብዙ ጥያቄ ስለነበራቸው እሳቸው ራሳቸው እንዲመጡ ተጠየቁ፤ እሺ ብለዋል። ባዘቶና እንዝርት ይዘው ይመጣሉ። ማስታወቂያውን የጻፈው ልጃቸው ነው። ከስማቸው በፊት «ባለሙያ» ብሎ ጽፏል።